ከአንጎለላ የመጣው ዳማ ፈረስና የመጀመሪያው ኮርቻዬ

ዳማው (ቀላ ያለ ቡናማው) ፈረስ ጀርባው ላይ ሁለት ነጭ ምልክቶች ነበሩት። ከአንገቱ ሥር ካለው የትከሻ ጉብታ ወረድ ብሎ፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ። «ስገዛው አልነበሩም» አሉኝ ባለቤቱ። ድምፃቸው ውስጥ ጸጸት ነበር። እንዲህ ያለ ነጭ ፀጉር የሚበቅለው ኮርቻ ተጭኖት የቆየ ቦታ ላይ ነው። ግፊቱ ለፀጉሩ ቀለም የሚሰጠውን የቆዳ ክፍል ይጎዳዋል። ገጣባው ቢድንም ቀለሙ አይመለስም።

ደብረ ብርሃን ውስጥ ቆዳ መሥራት ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆኖኛል። ቀበቶ፣ የእጅ ቦርሳ፣ የዳዊት ማኅደር እሠራለሁ። ኮርቻ ግን ሠርቼ አላውቅም ነበር። ይኼኛው የመጀመሪያዬ ነው። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ፈጀብኝ። በማስታወሻዬ ላይ እንደያዝኩት 212 የሥራ ሰዓት ወስዷል። ኮርቻ ለመጀመር ለሚያስብ ሰው ይጠቅማል ብዬ ያበላሸሁትንም ያቃናሁትንም እንዳለ ልጻፈው።

ትእዛዙ

ጋሼ (ስማቸውን ልተወው) ቴክሳስ ውስጥ በከብት እርባታ ብዙ ዓመት ሠርተው ወደ አንጎለላ የተመለሱ ሰው ናቸው። አንጎለላ ዳግማዊ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱባት ናት። በኛ አገር ፈረስ ለጌታው ስም እስከመሆን ይደርሳል። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ የተባሉት በፈረሶቻቸው ነው። ጋሼም ሲመለሱ መጀመሪያ የገዙት ፈረስ ነበር። ከአሜሪካ ይዘውት የመጡትን ኮርቻ ጫኑበት። በወራት ውስጥ ፈረሱ ገጣባ ሆነ።

ኮርቻውን ሱቄ ድረስ በባጃጅ ጭነው አመጡት። ስመዝነው 17 ኪሎ ሆነ። «ልክ እንደዚህ አድርገሽ ሥሪልኝ፣ ግን ለዚህ ፈረስ የሚሆን» አሉኝ። እኔ የሰማሁት የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው።

ምክንያቱም ጌጡ ዓይኔን ይዞታል። ቆዳው ላይ አበቦች ተቀርጸዋል። እያንዳንዱ አበባ በሚጠመዘዝ ሐረግ ክብ ውስጥ ተቀምጧል። ሐረጉ አንዱን አበባ ከቦ ሲያበቃ ሳይቋረጥ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ይህ አሠራር በዋዮሚንግ ግዛት ባለችው በሸሪዳን ከተማ ስም ይጠራል። ዶን ኪንግ የተባለው ኮርቻ ሠሪ ስሙን ያስጠራበት ነው። በስልኬ አንድ አርባ ፎቶ አነሳሁ። የፈረሱን ጀርባ ግን አንድም ጊዜ አልለካሁም። ጋሼ ከሄዱ በኋላ እንኳን ትዝ አላለኝም።

ቆዳው እንቢ አለ

መጀመሪያ የሠራሁት ፌንደር የሚባለውን ነው። ከእርካቡ በላይ ተንጠልጥሎ የጋላቢውን እግር ከፈረሱ ላብ የሚከልል ሰፊ ቆዳ ነው። ለጌጥ የተመቸ ሜዳ ስለሆነ ጓጓሁለት። ከአንድ ነጋዴ ወፍራምና ውብ ቡናማ ቆዳ ገዛሁ። አረጠብኩት፤ ቆረጥኩት፤ ጌጡን የሚያትመውን ብረት፣ ማኅተሙን፣ መታሁበት። ምልክቱ ወጣ። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ግማሹ ጠፍቷል። ቆዳው ተመልሶ ተነፍቷል።

ቆዳው በክሮም የለፋ ነበር። ዛሬ በዓለም ላይ አብዛኛው ቆዳ የሚለፋው በክሮም ጨው ነው። ቶሎ ይደርሳል፤ ልስልስ ነው፤ ለጫማና ለጃኬት ጥሩ ነው። ቅርጽ ግን አይዝም። ማኅተም የሚይዘው በተክል የለፋው ብቻ ነው። የግራር ልጥ ውስጥ ያለው ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር ቆዳውን ጥቅጥቅ ያደርገዋል። ረጥቦ ሲመታ እንደ ጭቃ ይታዘዛል፤ ሲደርቅ የታዘዘውን ይዞ ይቀራል።

ልዩነቱን ለማወቅ ነጋዴውን መጠየቅ አያስፈልግም። ከጫፉ ቁራጭ ወስደህ ጠርዙን እይ። መሐሉ ሰማያዊ ወይም ግራጫ ከሆነ ክሮም ነው። ካላመንክ የፈላ ውሃ ውስጥ ክተተው። በተክል የለፋው ተኮማትሮ ይጠነክራል። የክሮሙ ብዙም አይነካውም። አሁን ሳልፈትን ቆዳ አልገዛም። ያኔ ግን 20 ሰዓት ሥራ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩ።

ሁለተኛ ዙር በተክል የለፋ የበሬ ቆዳ አገኘሁ። ውፍረቱ ሦስት ሚሊሜትር ተኩል ነው። የአሜሪካው ኮርቻ ቆዳ አምስት ሚሊሜትር ይሞላል። የኛ ደጋ ከብት ቆዳ እንደዚያ ወፍራም ሆኖ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ ሸክም የሚበዛበትን ክፍል በሁለት ድርብ ለመሥራት ወሰንኩ። ለዚህ ውሳኔ ኋላ ዋጋ ከፍያለሁ፤ እመለስበታለሁ።

ማኅተሞቹን ከአሮጌ ቡሎን ነው የሠራኋቸው። ጫፋቸውን በሞረድ ቀርጬ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኳቸው። አንድ ቀን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሞርጄ፣ ሳልጠርግ እርጥቡን ቆዳ ዘረጋሁበት። ጠዋት ስመጣ ቆዳው እንደ ነብር ነቁጥ በነቁጥ ሆኗል። የብረት ብናኝና ታኒን ውሃ ሲያገናኛቸው ጥቁር ይሆናሉ። ከብረትና ከታኒን የጽሕፈት ቀለም የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ነው። የሎሚ ጭማቂ ቀብቼ በንጹሕ ውሃ ሳጥበው አብዛኛው ለቀቀ። ከዚያ ወዲህ ሞረዱ የሚቀመጠው ሌላ ክፍል ውስጥ ነው።

በመጨረሻ ሁለቱ ፌንደሮች አለቁ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው የግራው ከቀኙ በዘጠኝ ሚሊሜትር ይረዝማል። እርጥብ ቆዳ በመዶሻ ሲቀጠቀጥ ይለጠጣል። እኔ ደግሞ መጀመሪያውኑ በልኩ ቆርጬው ነበር። ከልኩ አስፍቶ መቁረጥ፣ ከጀርባው ፕላስተር ለጥፎ እንዳይለጠጥ መያዝ፣ ጌጡ ሲያልቅ በልኩ መከርከም ነበረብኝ። የአንዱ እርካብ ዝቅ ማለት ለዓይን ብቻ የሚያስጠላ አይደለም። ጋላቢው ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፤ ፈረሱም በዚያው ወገን ይቆስላል።

እዚህ ላይ ነው የጋሼ ሁለተኛ ግማሽ ዓረፍተ ነገር የተሰማኝ። «ለዚህ ፈረስ የሚሆን» ብለውኝ ነበር። እኔ ፈረሱን ገና አልነካሁትም።

እንጨቱ

የአሜሪካ ካውቦዮች ኮርቻ ከስፔን ወደ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ወደ ሰሜን የሄደ ነው። ከቆዳው ሥር የእንጨት አፅም አለ። በጀርባ አጥንቱ ግራና ቀኝ የሚተኙ ሁለት ሳንቃዎች፣ ከፊት የሚያያይዛቸው ቅስት፣ ከኋላ መደገፊያ። ይህ ሁሉ በጥሬ ቆዳ ይለበጣል። ቆዳው ሲደርቅ ተኮማትሮ እንጨቱን አንቆ ይይዘዋል። ይህን ሳነብ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። የኛ ኮርቻስ? እሱም ሳንቃ፣ ቅስት፣ መደገፊያና ጥሬ ቆዳ አይደለም?

መንዝ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ኮርቻ ሠሪ እንዳሉ ሰምቼ ሄድኩ። ሥራውን ከተዉት ቆይተዋል። ልጆቻቸው አልተማሩትም። የቆዳ ሠራተኛን «ፋቂ» እያሉ የሚያርቅ ልማድ ስለነበረ ልጆቹን ወደዚህ ሙያ የገፋ አባት ጥቂት ነው። ይህ ያንገበግበኛል። ነገሥታቱ የተቀመጡበትን ኮርቻ የሠሩ እጆች ናቸው።

«አባባ፣ እንዲህ ያለ ኮርቻ ልሠራ ነው» ብዬ ፎቶውን አሳየኋቸው። አበባውን አለፉት። ጣታቸውን የፊተኛው ቀንድ ላይ አደረጉ።

«ይኼ ለምንድን ነው?»

«ካውቦዮቹ ከብት በገመድ ሲጥሉ ጫፉን የሚያስሩበት ነው።»

«አንቺ አገር ከብት በፈረስ ላይ ሆኖ በገመድ የሚጥል አለ?»

መልስ አልነበረኝም። ቀጥለው «ፈረሱስ የት አለ?» አሉ። በሦስተኛው ቀን አንጎለላ አብረን ነበርን።

አባባ ዳማውን ለመዳሰስ ሩብ ሰዓት ወሰደባቸው። መዳፋቸውን ከትከሻው እስከ ወገቡ ቀስ አድርገው አሳለፉ። እኔ ወፍራም የኤሌክትሪክ ሽቦ ይዤ ነበር። ሽቦውን በጀርባው ላይ በሦስት ቦታ አጥፌ ቅርጹን ካርቶን ላይ ገለበጥኩ። አንዱ ከትከሻ አጥንቱ በስተኋላ፣ አንዱ መሐል ላይ፣ አንዱ መጨረሻው ጎድን ላይ። ፈረሱ ከመሬት እስከ ትከሻው ጉብታ 1 ሜትር ከ32 ነው። ያ ኮርቻ የተሠራላቸው የአሜሪካ ፈረሶች አብዛኞቹ ከ1 ሜትር ከ45 በላይ ናቸው፤ ጀርባቸውም ሰፊ ነው። ካርቶኑን ቆርጬ ከአሜሪካው ኮርቻ ሥር ስከተው ነገሩ ፍንትው አለ። ቅስቱ ለዳማው በጣም ስለሚሰፋ ኮርቻው ወደ ፊት ተደፍቶ በሁለት ነጥብ ላይ ብቻ ያርፍ ነበር። ሳንቃው ደግሞ ከመጨረሻው ጎድን አልፎ ወገቡን ይጫን ነበር። ጋሼ ከሥሩ ብርድ ልብስ ደራርበው ሊያስተካክሉት ሞክረዋል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው ሆነ። ጥፋቱ እንጨቱ ላይ እያለ ድሪቶ መጨመር ግፊቱን አባሰው።

አዲሶቹን ሳንቃዎች ከዋንዛ፣ ቅስቱን ከወይራ ሠራን። ዋንዛ ቀላል ነው፤ ለመሮም ይመቻል። ወይራ ይከብዳል፤ ግን ቅስቱ ከተሰበረ ኮርቻው አለቀለት። የሳንቃውን ርዝመት 48 ሴንቲሜትር አደረግነው። የአሜሪካው 58 ነበር። በሁለቱ ሳንቃዎች መካከል ስድስት ሴንቲሜትር ክፍተት ተውን። የጀርባ አጥንት ነፋስ ማግኘት አለበት፤ ምንም ሊነካው አይገባም።

ከመለበጣችን በፊት አባባ አንድ ነገር አሳዩኝ። የሳንቃዎቹን ሥር በሙሉ ጠመኔ ቀቡት። እርቃኑን እንጨት ዳማው ላይ አስቀመጡት፤ ሁለት እጃቸውን ጭነው ተጫኑት፤ አነሱት። ዳማ ላይ ነጭ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጠመኔው ያረፈው ከፊትና ከኋላ ብቻ ነበር። መሐሉ ባዶ ነው። «ድልድይ ሆኗል» አሉ። ፊቱንና ኋላውን በሞረድ አወረድን። እንደገና ጠመኔ። እንደገና ሞረድ። ሰባት ጊዜ ደጋገምነው። በሰባተኛው ነጩ ከዳር እስከ ዳር እኩል ታተመ። ከስድስቱ ወራት አንዲትን ቀን ብቻ መርጠሽ አስቀሪ ብባል የማስቀረው ያንን ከሰዓት በኋላ ነው።

ልበጣው ሁለት ቀን ወሰደ። ጥሬውን የበሬ ቆዳ ዘፈዘፍን፤ እርጥቡን አለበስነው፤ በጠፍር ሰፋነው። ከዚያ ጥላ ሥር ተቀመጠ። ፀሐይ ካገኘው አንዱ ወገን ቀድሞ ይደርቅና እንጨቱን ያጣምመዋል። ከ12 ቀን በኋላ ሲያንኳኩት እንደ ከበሮ ጮኸ።

ሐረጉ

ጌጡን እንደገና ስጀምር ጥር ገብቶ ነበር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍ የምትል ናት፤ በበጋ ነፋሷ ደረቅ ነው። እርጥብ ቆዳ ጠረጴዛ ላይ ከተዘረጋ ጠርዙ ወዲያው ይደርቃል፤ መሐሉ ግን ጭቃ ነው። በዚያ ላይ ማኅተም ቢመታ አንዱ ጠልቆ፣ አንዱ ሳስቶ ይወጣል። መፍትሔው ማታ ነው የሚሠራው። ቆዳውን ማታ አርሶ በላስቲክ ጠቅልሎ ማሳደር። ጠዋት ሲፈታ እርጥበቱ እኩል ገብቷል። ከዚያ ቀለሙ ወደ ደረቁ ሊመለስ ሲል መጠበቅ። ጉንጭህ ላይ ስታስጠጋው ከቀዘቀዘህ ጊዜው ነው።

የሸሪዳኑን አበባ ልገለብጠው አስቤ ነበር። አንድ ምሽት የብራና ፎቶዎች ሳገላብጥ ሐሳቤን ለወጥኩ። ጸሐፊዎቻችን ከጽሑፉ በላይ የሚስሉትን የተጠላለፈ ጌጥ «ሐረግ» ይሉታል። ሐረግ! ዋዮሚንጎቹም አበባቸውን የሚያስሩት በሐረግ ነው። የብራና መጻሕፍት ሽፋን ላይ መስቀልና መስመር በጋለ ብረት ሲታተም ኖሯል። ቆዳ ላይ ማተም ለኛ አገር እንግዳ አይደለም። ለጋሼ ደወልኩ። ዝም አሉ። ቆየት ብለው «በቃ፣ ሐረግ አድርጊው» አሉኝ።

ብራና ላይ በቀለም የሚያምር ጥልፍልፍ ቆዳ ላይ ሁልጊዜ አያምርም። በቆዳ ላይ ጌጡን የሚያሳየው ጥላው ነው። ጥላ የሚመጣው ደግሞ በቢላ ከተቆረጠው መስመር አጠገብ ያለው ቆዳ ወደ ታች ሲመታ ነው። ከላይ የሚያልፈው ሐረግ ሙሉ ሆኖ ይቀራል፤ ከሥር የሚያልፈው በሁለት ወገን ይመታል። ይህን አንድ ቦታ ብሳሳት ጥልፍልፉ ይፈታል። ስለዚህ በወረቀት ላይ ከላይ የሚያልፉትን ሁሉ በቀይ አቀለምኩ። ከመስመሩ አጠገብ ያለውን ቆዳ ወደ ታች የምመታበትን ብረት፣ ማጎድጎጃውን፣ ስመታ ሙሉ በሙሉ አላነሳውም። ግማሽ ስፋቱን እያንሸራተትኩ እቀጥላለሁ። ይህ ካልሆነ መስመሩ የደረጃ ቅርጽ ይይዛል። ቢላውም ከቆዳው ውፍረት ከግማሽ በላይ መጥለቅ የለበትም።

ጌጡን ሁሉም ቦታ አላደረግሁትም። መቀመጫው ላይ የለም። ፌንደሩ በሚታጠፍበት መስመር ላይም የለም፤ እዚያ በጥልቀት ከተቆረጠ ቆዳው ከዓመታት በኋላ በዚያው ይሰነጠቃል። የፌንደሩ መሐል የጋላቢው እግር ስለሚያሸው በእንቅብ ሽመና ዓይነት ማኅተም ሞላሁት። ሐረጉ በዳሩ ብቻ ዞረ። በዚህ ምርጫዬ ዛሬም ደስተኛ ነኝ። በ74 ሰዓት የተሠራ ጌጥ በላብና በእግር በአንድ ዓመት መላጣ ሲሆን ማየት አልፈልግም ነበር።

ስፌቱን በፍጥነት ልለፈው። ሁለት መርፌ፣ አንድ በሰም የተለበጠ ክር፣ ወስፌ። ሁለቱም መርፌዎች በአንዱ ቀዳዳ ከግራና ከቀኝ ያልፋሉ። የአንዱ መርፌ ስፌት ቢበጠስ የሌላው ይይዛል። ከሥር የሚገባው አጎዛ የመንዝ በግ ነው። ከኮርቻው ሥር የሚነጠፈውም የመንዝ ባና ነው፤ ሱፍ ላብ ይጠጣል፤ አይንሸራተትም።

ቀንዱ ግን አከራከረን። አባባ አያስፈልግም አሉ። በጥምቀት ጉግስ ላይ ጋላቢ ወደ ፊት ሲታጠፍ ሆዱን ይወጋዋል የሚል ስጋት ነበራቸው። ጋሼ ደግሞ ያለ ቀንድ የካውቦይ ኮርቻ አይመስላቸውም። ሃያ ዓመት እጃቸውን ያሳረፉበት ነገር ነው፤ ይገባኛል። ዝቅ አድርጌ በቆዳ ጠቀለልኩት። ገመድ እንዳይታሰርበት ግን አስጠነቀቅኳቸው። የኛ ቅስት በጠፍርና በጥሬ ቆዳ የተያዘ ነው፤ የበሬ ጉተታ አይችልም።

እርካቦቹ ወደ ውጭ ካልዞሩ የጋላቢውን ጉልበት ያሳምማሉ። ፌንደሩን አርጥቤ ጠመዘዝኩት፤ በሁለቱ እርካቦች ውስጥ የመጥረጊያ እንጨት አሻግሬ አሳደርኩት። ሲደርቅ እንደተጠመዘዘ ቀረ።

ዳማው ላይ

መጋቢት ላይ ኮርቻው አለቀ። 11 ኪሎ ተኩል መዘነ። ጋሼ ጫኑት፤ የሆድ ጠፍሩን አጠበቁ፤ ወደ ጫጫ አቅጣጫ አርባ ደቂቃ ጋለቡ። ሲመለሱ ኮርቻውን አውርደን ሁላችንም ጀርባውን አየን። የላቡ ቅርጽ ሁሉን ይናገራል። በእርጥቡ መሐል ደረቅ ቦታ ካለ እዚያ ግፊት በዝቷል፤ ወይም ኮርቻው ጨርሶ አልነካውም። ዳማው ከግራና ከቀኝ እኩል ርሷል። የጀርባ አጥንቱ መስመር ደርቋል፤ መሆን ያለበትም ይኸው ነው። ቀኝ ትከሻው አጠገብ ግን የእንቁላል ያህል ደረቅ ቦታ ነበረች። አጎዛው ሲሰፋ እዚያ ተጨብጦ ነበር። ፈትቼ እንደገና ሰፋሁት። በሁለተኛው ግልቢያ ጠፋች።

ሐምሌ ላይ ሄጄ አየሁት። ሁለቱ ነጭ ምልክቶች እንዳሉ ናቸው፤ አይጠፉም። አዲስ ነጭ ፀጉር የለም። ዳማው ሲጫን ጆሮውን ወደ ኋላ መጣል ትቷል። ጋሼ ይህን ሲነግሩኝ ከጌጡ አድናቆት ሁሉ በላይ ደስ አለኝ።

አንድ ጥፋት ግን ቀርቷል። ከመቀመጫው ሥር የሚዘረጋው ሰፊ ቆዳ፣ ስከርት የሚሉት፣ በቀኝ በኩል ጠርዙ ወደ ላይ እየታጠፈ ነው። ድርቡን በማስቲሽ ያጣበቅሁት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ነበር። ከዚያ የፈረሱን ቅርጽ እንዲይዝ ሳጎብጠው የውስጠኛው ንብርብር ቦታ አጣና ተሸበሸበ። መጣበቅ የነበረበት እንጨቱ ላይ እንደጎበጠ ነው። ክረምቱ እርጥበት ሲጨምርበት ጠርዙ ጎልቶ ወጣ። ጋሼ «አይታይም፣ ተይው» ይላሉ። ለኔ ግን ይታየኛል።

መስከረም ጠብቶ መሬቱ ሲጠነክር ኮርቻውን ያመጡልኛል። ቀኙን ወገን ፈትቼ ድርቡን እንደ አዲስ እቆርጣለሁ። ቆዳው ተገዝቷል። ጫፉን ቆርጬ የፈላ ውሃ ውስጥ ከትቼዋለሁ፤ ተኮማትሯል። አባባም መምጣት እፈልጋለሁ ብለዋል፤ ጠመኔውን እንዳልረሳ አስጠንቅቀውኛል።